ክሊፎርድ ስሙን የጻፈበት ወረቀት

ግዌንዳ ፓርፊት ባሏን ማማት ሥራዬ ብላ ይዛዋለች። ለጎረቤት ታማዋለች፣ ለፀጉር ሠሪዋ ታማዋለች፣ ክሊፎርድ እዚያው ሻይ እየቀዳ ለእንግዶቿም ታማዋለች። ሃያ ሁለት ዓመት የወረዳው ምክር ቤት አባል ስትሆን አንድ ቀን በአደባባይ ከጎኗ ቆሞ አያውቅም ነው የምትለው። እውነቷን ነው። ክሊፎርድ የቅስቀሳ ወረቀቷን ያድላል፤ ግን በበሩ የደብዳቤ ቀዳዳ ሾልኮ እንደገባለት የቤቱ ሰው ሳይወጣ ይሸሻል። ዓይን አፋር ነው፤ ሌላ ጥፋት የለበትም።

ዘንድሮ ነገሩ ከረረ። ኔቪል ኦክሾት የሚባል ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም፣ የገበያው መኪና ማቆሚያ በነጻ ይሁን ብሎ ሊወዳደራት ተነሣና ከተማውን ግማሽ ለግማሽ ከፈለው። ግዌንዳ ምግብ አልበላ፣ እንቅልፍ አልወስድ አላት። ወንበሩን ካጣች ቀኑን ሙሉ ከክሊፎርድ ጋር ቤት መዋል ሊመጣ ነው፤ ይህንንም ሳትደብቅ ነገረችው።

“አንተ እኮ አንድ ቀን እንኳ ስምህን አስቀምጠህ ‘እኔ የሷ ነኝ’ ብለህ አታውቅም” አለችው በምርጫው ዋዜማ።

ነገሩ አንጀቱ ገባ። በማግስቱ ጠዋት ድምፅ ሊሰጥ ወደ ሰፈሩ አዳራሽ ሄደ። ከመጋረጃው ጀርባ በክር የታሰረችውን እርሳስ አንሥቶ በሚስቱ ስም ትይዩ የኤክስ ምልክት አደረገ። ጥቂት አሰበና ከጎኑ አጥርቶ ጻፈ፦ “ለውድ ባለቤቴ። ክሊፎርድ ፓርፊት።” ምነው ያኔ አንድ ሰው እጁን ይዞት ቢሆን ኖሮ! ሲወጣ ደረቱን ነፍቶ ነበር፤ ለማንም ግን አልተናገረም።

ቆጠራው አርብ ጠዋት በስፖርት አዳራሹ ተደረገ። ክሊፎርድ የሚስቱ እንግዳ ተብሎ፣ በሩ ላይ መዝገብ ፈርሞ ገባ። ግዌንዳ አራት መቶ አሥራ ሁለት፣ ኦክሾትም አራት መቶ አሥራ ሁለት። ሁለት ጊዜ ደግመው ቆጠሩት፤ ያው ነው። የምርጫ አስፈጻሚዋ ወይዘሮ ፔንሮዝ አጠራጣሪዎቹን ወረቀቶች ለማሳየት ሁሉንም ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። አንዱ ላይ ላም ተሥሏል። አንዱ ላይ ሁለቱም ተወዳዳሪዎች ሌቦች ናቸው ይላል። የመጨረሻው የክሊፎርድ ነበር።

“ድምፅ ምስጢር ነው” አለች ፔንሮዝ። “መራጩ ማን እንደሆነ የሚያሳውቅ ወረቀት አይቆጠርም። አዝናለሁ ወይዘሮ ፓርፊት፣ ሕጉ ነው።”

ግዌንዳ ስሙን ማንበብ እንኳ አላስፈለጋትም። ሠላሳ አራት ዓመት የአስቤዛ ዝርዝር የጻፈላትን እጅ አታጣውም።

እኩል ከወጡ ዕጣ ነው። ፔንሮዝ ሁለቱን ስሞች ጠቅልላ ባዶ ኮሮጆ ውስጥ ጨመረች፣ አንዱን አወጣችና “ኦክሾት” ብላ አነበበች።

ኦክሾት ግዌንዳን አልፎ ቀጥታ ወደ ክሊፎርድ መጣ፤ እጁን ጨበጠው።

“አቶ ፓርፊት፣ ውለታዎን አልረሳም።”

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። አንድ ወር ሙሉ ከግዌንዳ ጋር በር ለበር የዞሩት ሴቶች ሳይቀሩ ሳቁ። ክሊፎርድ ምን ዓይነት ፊት እንደሚያሳይ ጨነቀውና እሱም ፈገግ አለ። ባያደርገው ይሻለው ነበር።

ግዌንዳ የተወዳዳሪነት ሪባኗን ከደረቷ ነቅላ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ግን ሳቁ ቆሞ ስለነበር ያልሰማት የለም።

“በዕድሜህ ስምህን ማስፈር ያልነበረብህ ሁለት ወረቀት ነው። አንዱ ይኼ ነው። አንዱ የጋብቻችን ነው።”

የመኪናውን ቁልፍ ከእጁ ወስዳ ወጣች።

ሠራተኞቹ ወንበር መደርደር ጀመሩ። ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ክሊፎርድ ሰው እስኪቀንስ ግድግዳውን ተደግፎ ቆየና ወደ በሩ ሄደ። በበሩ መስተዋት በኩል መኪናቸው ከግቢው ስትወጣ ታየችው። በረኛው መዝገቡን ወደሱ ገፋ አድርጎ እስክሪብቶ አቀበለው።

“ሲወጡም ስምዎን ይጽፉልኛል” አለው በትሕትና።

ክሊፎርድ እስክሪብቶውን ተቀበለ። ከኋላው ለመፈረም የተሰለፉት ጥቂት ሰዎች ሳቃቸውን አፍነው ይጠብቁታል፤ እሱ መጻፍ አቅቶት ቆመ።