ሸክላው የሚያምርበት ክፍል

በ1959 ዓ.ም. መቶ አለቃ ለገሰ ራዲዮግራም ገዝቶ ከአዲስ አበባ በወታደር መኪና ሲያስመጣ፣ ከመኮንኖች ክበብ በቀር እንዲህ ያለ ዕቃ ነገሌ ውስጥ አልነበረም። ሳጥኑ ቀይ አቧራ ለብሶ ደረሰ። ሚስቱ ሀረገወይን ቀኑን ሙሉ በእርጥብ ጨርቅ ስትወለውለው ዋለች። ክዳኑ ሲነሳ አረንጓዴ መብራት ቦግ የሚል፣ እንጨቱ መልክ የሚያሳይ ዕቃ ነበር። እሁድ ከሰዓት በኋላ የጦር ሰፈሩ ጄኔሬተር ሲነሳ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራች።

ሸክላው ዞረ፤ ዘፋኙም ጀመረ። ቤቱ ግን ወለሉ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው ልስን ላይ ሰማያዊ የዘይት ቀለም፣ ጣሪያው ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ነው። ዘፋኙ አንድ ቃል ሲል ግድግዳው መልሶ ይለዋል፤ ከበሮው ሲመታ ቆርቆሮው አብሮ ይንቀጠቀጣል። ክራሩ የጉድጓድ ውስጥ ክራር መሰለ። እንግዶቹ "እንኳን ደስ አላችሁ፣ ዕቃውስ ዕቃ ነው" ብለው ሄዱ። በሚቀጥለው እሁድ ሁለት ብቻ መጡ፤ በሦስተኛው ማንም አልመጣም።

ለገሰ ዕቃውን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው እየገፋ ሞከረ። ምንም አልተለወጠም። ከዚያ ወዲያ እሁድ ምሳ በልቶ ሲነሳ፣ አምስት ስድስት ሸክላ በጋዜጣ ጠቅልሎ በብብቱ ሥር ይይዝ ጀመር።

"ወዴት ነው?" ትለዋለች።

"ክበብ ብቅ ብዬ ልምጣ።"

ሲመለስ ቁጣው በርዶ፣ ፊቱ ተፍታትቶ ነበር የሚመለሰው። ይህን ያላየች መስላ አየችው።

ወሬውን ያመጣችላት የጎረቤቱ ሃምሳ አለቃ ሚስት ተናኘወርቅ ናት። በሩ ላይ ቆማ፣ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ እየመለሰች፣ "ሀረግዬ፣ የእናንተ ሸክላ ሸምሳ ቤት ይዘፍናል ሲሉ ሰማሁ" አለቻት።

"የቷ ሸምሳ?"

"ልብስ ሰፊዋ። ባሏ የሞተባት።"

ሀረገወይን ያን ሳምንት እህል አልቀመሰችም ማለት ይቻላል። ለብዙ ዘመን ያላየችበትን መስተዋት ከሣጥን አውጥታ ፊቷን አየች። ሸምሳን በገበያ አይታታለች፤ ረጅም፣ ጠይም፣ አርባ ዓመት ያለፋት ሴት ናት። ያ ነገሩን አላቀለለላትም። ቆንጆ ልጅ ብትሆን ኖሮ ምክንያቱን ታውቀው ነበር።

እሁድ ለገሰ ከወጣ በኋላ ጫማዋን አጥልቃ ተከተለችው። የሸምሳ ቤት ከገበያው ኋላ ነው። ከውጭ ምንም አይሰማም። ይህ ደግሞ ጥርጣሬዋን ይበልጥ አባሰው። በሩን ሳታንኳኳ ገፋችው።

ክፍሉ ጠባብ ነው። አራት ወንዶች ተቀምጠዋል፦ አንድ አስተማሪ፣ የክሊኒኩ ድሬሰር፣ አንድ ሾፌርና ባሏ። ሸምሳ ማዶ፣ የስፌት መኪናዋ አጠገብ፣ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ተቀምጣለች። መሀል ላይ በባትሪ ድንጋይ የምትሠራ ትንሽ ማጫወቻ አለች፤ ከእነ ሀረገወይን ራዲዮግራም ጎን ብትቆም ልጁ የምትመስል። ድምፁ ግን! ዘፋኙ እዚያው ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚያንጎራጉር ይመስላል። የክራሩ አውታር ሲነካ ጣቱ ይሰማል።

ግድግዳው በሰሌን ተሸፍኗል፤ ወፍራም፣ በእጅ የተሠራ፣ በጥቁር ቆዳ መስመር የተጌጠ ሰሌን። ቆርቆሮው በተወጠረ አቡጀዲ ተጋርዷል። ወለሉ ላይ የበግ አጎዛ ተነጥፏል።

ይህን ሁሉ ያየችው ኋላ ነው። መጀመሪያ ያየችው የባሏን ፊት ነበር። ዓይኑን ጨፍኖ፣ አገጩ ዝቅ ብሎ፣ ግንባሩ ላይ አንድ መስመር ሳይኖር ተቀምጧል። በዘጠኝ ዓመት ትዳር ይህን ፊት አይታው አታውቅም። ተኝቶ እንኳ እንዲህ አይሆንም።

"አካም፣ ናጋ? ግቢ እንጂ እህቴ" አለቻት ሸምሳ ቀስ ብላ።

ለገሰ ዓይኑን ገለጠ። ሀረገወይን በሩን እንደተከፈተ ትታ ተመለሰች።

ማታ ቤት ሲገባ አልተጨቃጨቁም። እሱ "ሸክላ ነው የምሰማው፣ ሌላ ነገር የለም" አለ፤ እሷ "ምን አልኩህ?" አለችው። ሌላ ሴት ይዞ ብታገኘው ታለቅስ፣ ሽማግሌ ትልክ ነበር። ለዚያ ፊት ግን ማን ሽማግሌ ይልካል?

ሰኞ ጠዋት ሰሌኑን የሠራችውን ሴት አጠያይቃ አገኘች። ዲንኪቱ የምትባል፣ ከሊበን ገጠር መጥታ ከከተማው ዳር የምትኖር አሮጊት ናት።

"አዴ ዲንኪቱ፣ ለሸምሳ የሠሩላትን ዓይነት እፈልጋለሁ። ግን የበለጠ የሚያምር።"

"ስንት ግድግዳ ነው፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ?"

"አራቱንም።"

አሮጊቷ ሰሌኖቿን አንድ በአንድ ዘረጋችላት። አንዱ ስስ ነው፣ አንዱ ወፍራም፤ አንዱ ጌጡ ጥቁር፣ አንዱ እንደ ደረቀ ደም የቀላ። ሀረገወይን ወፍራሙንና ቀዩን መረጠች። ያም አልበቃትም። ሺሬ ከሚባል ነጋዴ ሱቅ ከሞያሌ የመጣ ወይን ጠጅ ከፋይ አስቆረጠች። የእንግዳ ፍራሽ ሁለት ቦታ ቀድዳ፣ ጥጡን ከከፋዩ ጀርባ ሰፋችው። ሸምሳ አጎዛ አነጠፈች፤ እሷ በአጎዛ ላይ ስጋጃ ደረበች። መስኮቱን በድርብ መጋረጃ ጋረደች። ለጣሪያው ብርድ ልብስ ወጠረች። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጣቷ በመርፌ እየተወጋ ሠራች። ሲያልቅ ክፍሉ የቤተ መንግሥት እልፍኝ መሰለ፤ ተናኘወርቅ ገብታ አፏን በእጇ ያዘች።

ለገሰ ሸክላውን አስቀመጠ። ሀረገወይን ፊቱን ትጠብቅ ጀመር።

ገደል ማሚቶው ጠፍቷል፤ እውነት ነው። ግን ዘፋኙም አብሮ ጠፋ። ድምፁ ከሳጥኑ ወጥቶ ሁለት እርምጃ ሳይሄድ ይወድቃል። ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚዘፍን ሰው መሰለ። ለገሰ እስከ መጨረሻው ሰማ። ዓይኑን አልጨፈነም።

"በጣም ቆንጆ ሆኗል፣ ሀረግ። ደክመሻል" አላት።

በሚቀጥለው እሁድ ሸክላዎቹን በጋዜጣ ጠቀለለ።

ከዚህ በኋላ ያደረገችውን ራሷም ስታስበው ትሸማቀቅ ነበር። ዓርብ ረፋድ ላይ ሸምሳ ቤት ሄደች። "ቀሚስ ላሰፋ ነው" አለች። ሸምሳ ደስ ብሏት ወንበር ሰጠቻትና ሻይ ልታመጣ ወደ ጓዳ ገባች። ሀረገወይን የማጫወቻዋን ክንድ አነሳች። መርፌዋን ነቀለች። ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችና፣ ሻዩ ሳይመጣ "ልጄ ብቻውን ነው፣ ሌላ ቀን እመጣለሁ" ብላ ወጣች። ልጅ የላትም።

እሁድ ለገሰ ሄዶ ሳይቆይ ተመለሰ።

"ምነው?"

"መርፌው ጠፍቷል። የዚያች ማጫወቻ መርፌ አዲስ አበባም አይገኝ።" ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። "ሸምሳ አለቀሰች። ባሏ የገዛላት ነው።"

ሀረገወይን የጠበቀችው ደስታ አልመጣም። ይልቅ ሌላ እሾህ ወጋት፤ የሴትየዋን እንባ አይቷል፣ ልቡም ተነክቷል። ራዲዮግራሙ እዚያው ከአጠገቡ ቆሞ ሳለ እጁን እንኳ አልሰደደበትም። ሁለቱም በከፋይ በተሸፈነው ክፍል ውስጥ ዝም ብለው ተቀመጡ። ዝምታውን ግድግዳው ሁሉ ይጠጣው ነበር።

ሰኞ ማለዳ መርፌዋን ይዛ ሄደች። ሸምሳ በር ላይ ቆማ አየቻት፤ "ግቢ" አላለቻትም።

"ቀሚስ ልታሰፊ መጥተሽ ልክሽን ሳትሰጪኝ ስትሄጂ ነው የገባኝ" አለች።

ሀረገወይን እጇን ዘረጋች። ሸምሳ መርፌዋን አንስታ ብርሃን ላይ አገላብጣ አየቻት፤ ጫፏ ደህና ነበረች።

"ባልሽን የወሰድኩብሽ መስሎሻል። እኔ ባል አለኝ። ያቤሎ መንገድ ላይ መኪናው ተገልብጦ እዚያው ነው የተቀበረው። ወንዶቹ እሁድ ሲመጡ ቤቴ እሱ እንዳለበት ቤት ይሆንልኛል። ያን ነው የሰረቅሽኝ።"

"ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ ሸምሳ።"

"ለምን አደረግሽው?"

ሀረገወይን ብዙ መልስ አዘጋጅታ ነበር። ከአፏ የወጣው ግን "እኔ ቤት ሸክላው አያምርም" የሚል ነው። ያን ብላ አለቀሰች።

 ሸምሳ ከበሩ ገለል አለችላት።

ውስጥ ገብተው ስለ ሰሌኑ ነገረቻት። ለጌጥ ብለው አልሰቀሉትም። አማቷ ከጎን ቤት ነች፤ ዘፈን ሐራም ነው ብላ በየቀኑ ከልጇ ጋር ትጣላ ነበር። ባልና ሚስት ድምፁ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ብለው ሰሌን ገዝተው እያስቆረጡ፣ እየሰፉ፣ የመጨረሻው ግድግዳ ላይ ሲደርሱ ገንዘባቸው አለቀ። የስፌት መኪናዋ ኋላ ያለው ግድግዳ ባዶውን ቀረ። ሀረገወይን ቀና ብላ አየች፤ እውነትም ባዶ ነበር። ያን ቀን በንዴት አላየችውም።

"ሁሉንም ሸፈንሽው?" አለች ሸምሳ።

"አራቱንም። ጣሪያውንም። በጥጥ።"

ሸምሳ ሳታስበው ሳቀች። "አንቺ ድምፁን ገነዝሽው እኮ!"

ግን አንድ ነገር አስጠነቀቀቻት፦ "ለመቶ አለቃው እኔ አልነግረውም። አንቺ ትነግሪዋለሽ።"

ነገረችው። ለገሰ አልጮኸም። ሁለት ቀን ግን አላናገራትም። በሦስተኛው ቀን "ክበብ ነው የምሄደው ብዬ የዋሸሁሽ እኔ ነኝ። ዕቃውን እንደዚያ ስትወጂው፣ ቤታችን ውስጥ ያስጠላል ማለት አቃተኝ" አላት።

ሸምሳ ሐሙስ መጣች። ክፍሉ መሀል ቆማ አጨበጨበች፤ ጭብጨባው ከእጇ ሳይርቅ ሞተ። "ከዚህ ጀምሪ" እያለች አንድ በአንድ አስወረደቻት። በእያንዳንዱ ዕቃ መሀል እያጨበጨቡ ያዳምጣሉ። ብርድ ልብሱ ወርዶ አቡጀዲ ተወጠረ። ከፋዩ ከወንበሮቹ ኋላ ብቻ ቀረ። የዲንኪቱ ቀያይ ሰሌኖች በጎንና በጎን፣ በመሀላቸው አንድ አንድ ክንድ ባዶ ቦታ ተትቶ ተሰቀሉ፤ ያኔ ጌጣቸው ይበልጥ ጎላ። ከራዲዮግራሙ ኋላ ያለውን ግድግዳ ከናካቴው አራቆቱት። ሀረገወይን በልፋቷ የሰፋችውን ጥጥ ስትጠቀልል ክሩን መነጨቀችው፤ ያስወረደቻት ያቺው ሴት መሆኗም አልዋጥ አላት።

እሁድ ሸምሳ ቤት የነበሩት ወንዶች መጡ። ሸምሳ መጨረሻ ላይ፣ አንድ ሸክላ በመሐረብ ጠቅልላ ገባች። ለገሰ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀላት። ሀረገወይን ያ የታወቀው ቅናት ሲነሳባት ተሰማት። ሸምሳ ግን "ተቀመጥ፣ ወንድሜ" ብላ ከሀረገወይን ጎን፣ ስጋጃው ላይ ተቀመጠች።

ዘፈኑ ጀመረ። ዘፋኙ ወደ ክፍሉ ገባ። የለገሰ ዓይን ተከደነ፤ ያ ፊት መጣ፤ በገዛ ቤቷ፣ አንድ ክንድ ርቀት ላይ። ሀረገወይን አየችው። የእሷ እንዳልሆነ ያኔም ገባት። ከአጠገቧ የሸምሳም ዓይን ተከድኗል፤ ጉንጯ እርጥብ ነው። ዓይኗን የገለጠች እሷ ብቻ ነበረች።

ስለዚህ ጨፈነች። መጀመሪያ የሰማችው ስለ ባሏ የምታስበውን ብቻ ነበር። ከዚያ ዘፋኙ በሁለት ቃል መካከል አየር ሲስብ ሰማችው፤ ትንሽ፣ የደከመ ትንፋሽ። ለሁለተኛ ጊዜ ትንፋሹን ጠበቀችው። መጣ።

ሸክላው አልቆ መርፌው ሲንሸራተት ማንም አልተነሳም። ሀረገወይን ተነስታ ገለበጠችው።