ከቀኝ የመጣችው ነጭ መኪና

ከሥራ ግማሽ ቀን አስፈቅጄ ነው የወጣሁት። የተጨራመተ ፓራፋንጎ፣ የረገፈ የፊት መብራት፣ ሁለት አዛውንት ወላጆች። ከዚያ በላይ ይፈጃል ብዬ አላሰብኩም።

ወላጆቼ የትራፊክ መብራቱ የጠፋበት መስቀለኛ መንገድ ላይ ከአንዲት ነጭ መኪና ጋር ተጋጭተዋል። ደግነቱ ሰው አልተጎዳም። ነጯ ከቀኝ ነው የመጣችው፤ ቅድሚያውም የእሷ ነበር፤ አባቴ ግን ጭራሽ እንዳላያት ገባባት። ለትራፊክ ፖሊሱ «ፀሐይ ዓይኔን ወጋኝ» ብሎ ቃሉን ሰጥቷል። የቀረው ይህንኑ ለኢንሹራንሱ ተናግሮ ጋራዡ ሥራ እንዲጀምር ማስፈቀድ ነው።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው። መታወቂያ ሲጠይቁት እንኳ ቀድሞ የሚያወጣው መንጃ ፈቃዱን ነው። «ከመሪው ያወረዳችሁኝ ቀን ገንዛችሁ ቅበሩኝ» ይላል። እናቴ ደግሞ ከጎኑ ተቀምጣ አፏ አያርፍም። «ከቀኝ ብስክሌት... ሴትዮዋ ልትሻገር ነው... ያ ሰውዬ በሩን ሊከፍት ነው...» እኛ ልጆቿ «ቀጥታ ሥርጭት» ነው የምንላት። እኔ ብሆን መኪናውን አቁሜ በእግሬ እሄድ ነበር። እሱ ግን አንድም ቀን ዝም በይ ሲላት አልሰማሁም። ትዕግሥት ይመስለኝ ነበር።

ኢንሹራንሱ ቢሮ ተራችንን እየጠበቅን አባቴን አስጠናሁት።

«ፀሐይ ነበር። አለቀ። ሌላ ነገር እንዳትጨምር። ነገሩን ማጠንከር ከጀመሩ ዕድሜህን አይተው ምርመራ ነው የሚያዙልህ፤ ከዚያ መንጃ ፈቃድህን እርሳው።»

«ፀሐይ ነበር» አለ።

«ደመና ነበር» አለች እናቴ ወደ ግድግዳው እያየች።

«እማዬ!»

«ምን አልኩ? ስለ ሰማዩ ነው ያወራሁት።»

ከግጭቱ ወዲህ ደህና አልነበረችም። አባቴን ዓይን ዓይኑን ታየዋለች፤ ዞር ሲልባት አንገቷን ትደፋለች።

የካሳ ክፍሉ ሠራተኛ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ጠረጴዛው ላይ የሚፈልግ ትሁት ሰው ነው።

«እሺ አባቴ፣ እንዴት ሆነ?»

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ፀሐይ...»

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች እናቴ።

ሰውዬው እስክሪብቶውን አነሳ። «እርስዎ ነበሩ የሚያሽከረክሩት?»

«ኧረ እኔ ብስክሌትም አልችል።»

«ታዲያ?»

«አኩርፌ ነበር።»

ሰውዬው ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ ጣሪያው አየሁ።

«ጠዋት ተጣልተን ነበር» አለች። «ሐኪም ዘንድ እንሂድ ስለው አሻፈረኝ አለ። ‹እንግዲያው አንተው እይ› አልኩና አፌን ዘጋሁ። ነጯን መኪና አይቻታለሁ። ከሩቅ ነው ያየኋት። እስቲ መጀመሪያ ይለምነኝ ብዬ...» የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠቀለለች። «ለእልህ ስል ላስገድለው ነበር።»

«እናቴ፣ ፎርሙ ላይ ኩርፊያ የሚሞላበት ቦታ የለንም እኮ» አለ ሰውዬው ቀስ ብሎ።

«ይበቃል እማዬ» አልኩ። «ሹፌሩ እሱ ነው። አንቺ ብትናገሪ ባትናገሪ ምን...» እዚያው ቆምኩ። የምን ሐኪም?

አባቴ እጇን ሊይዝ እጁን ዘረጋ። በቀኙ ነበር የተቀመጠችው። ጠረጴዛውን ዳበሰ፣ ቦርሳዋን ነካ፣ ከዚያ ጣቶቿን አገኘ። ያኔ ገባኝ።

«ፀሐይ አልነበረም» አለ። «በቀኝ ዓይኔ አላይም። ከቆየ። በዚያ በኩል የምታይልኝ እሷ ናት።»

«አንተ ሰውዬ! መንጃ ፈቃድህን!»

«ታዲያ አንቺ ወንጀለኛ ሆነሽ እኔ ልንዳ? ተይ እንጂ የልጆቼ እናት። ጻፍ ልጄ፤ ዓይኑ የኔ ነው፤ የደበቅኩትም እኔ ነኝ።»

ሰውዬው መነጽሩን አውርዶ ጠረገና መልሶ ሰቀለው። የሰማውን መጻፍ ግዴታው እንደሆነ ነገረን። ነጯን መኪና ኢንሹራንሱ ያሠራታል፤ የእኛዋ ግን ይህ ተጽፎ ካሳ ታገኛለች ብሎ ተስፋ መስጠት አይችልም። አባቴ ማንም ሳይጠይቀው መንጃ ፈቃዱን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«እሱን የምንቀበለው እኛ አይደለንም አባቴ» አለና መለሰለት።

አባቴ ለእኔ ሰጠኝ።

በጣም ተናድጄ ነበር። ስንወጣ፣ ሰው ብትገድሉስ ኖሮ ብዬ ደረጃው ላይ ልጮኽባቸው ዞርኩ። እናቴ የአባቴን ክንድ ይዛ «አንድ ደረጃ ቀርቶሃል» ትለዋለች፤ እሱም «እሺ» ይላታል። ጩኸቱን ለማታ አቆየሁት። ማታም አልጮኽኩ።

ኢንሹራንሱ እንደፈራነው ለእኛዋ አልከፍልም አለ። የጋራዡ ባትላሜ፣ የተጨራመተ ቆርቆሮ የሚያቃናው ማለት ነው፣ ከሌላ አሮጌ መኪና የተፈታ ፓራፋንጎ አገኘልን። መኪናችን ሰማያዊ፣ ፓራፋንጎው ቀይ።

«ልቀባው?» አለ።

«ተወው» አለ አባቴ። «ከሩቅ ትታያለች። ለኔ ቢጤ ይጠቅማል።»

ከጋራዡ ልናወጣት የሄድን ዕለት በልማዱ ወደ ሹፌሩ በር ሄደ። እጀታውን ይዞ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ከፈተና «ግቢ» አለኝ፤ እሱ ከኋላ ተቀመጠ።

እናቴ ከጎኔ ልትቀመጥ ነው ብዬ ጆሮዬን አዘጋጀሁ። አልፋኝ ሄዳ ከኋላ ገባች፤ በአባቴ ቀኝ።

ያው መስቀለኛ መንገድ ላይ ቀይ መብራት ያዘን።

«ከቀኝ ምን አለ?» አለ አባቴ።

«ምን ያደርግልሃል? የምትነዳው አንተ አይደለህ።»

«ቢሆንም።»

«ጫማ ቤቱ ተዘግቷል። አንድ ልጅ ውሻ ይጎትታል፤ ኧረ ውሻው ነው የሚጎትተው። አንዲት ሴትዮ ደግሞ... አቤት ቀሚስ!»

«ምን ዓይነት?»

«ቆይ፣ አታጣድፈኝ።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላችን ያለው ሰው ጥሩምባውን አንባረቀው። እናቴ ገና የቀሚሱ እጅጌ ላይ ነበረች። እግሬን ከፍሬኑ ላይ አላነሳሁም።