የረቡዕ ስድስት በርሜል

ሳሌሃ የማትፈራው ነገር አልነበረም። ዝናብ ሲቀር ድርቁን፣ ሲመጣ ጎርፉን፤ ልጅቷ ስትማር መውደቋን፣ ስታልፍ ደግሞ ሩቅ አገር መመደቧን ትፈራ ነበር። ልጅቷ ማለት ሃፊዛ ናት፤ ሟች ልጇ ጥሎላት የሄዳት፣ በእጇ ያደገች የልጅ ልጇ።

ሃፊዛ ግን ሩቅ አልሄደችም። አንድ የውሃ ጥናት ቡድን ቡታጅራ ሲመጣ የጉድጓድ ለኪ አድርጎ ቀጠራት። ውሃው ከዘቢዳር ተራራ በመሬት ሆድ ወደ ሸለቆው እንዴት እንደሚወርድ በኮምፒውተር የሚያሳይ ሞዴል ሊሠሩ ነው የመጡት። ከተማው ሲሰፋ ውሃው ለስንት ዓመት ይበቃል፣ አዲስ ጉድጓድስ የት ይቆፈር የሚለው ከዚያ ይታወቃል። ለዚህም አርባ የግቢ ጉድጓዶች በየረቡዑ ይለካሉ። ሕጉ አንድ ነው፤ ከማክሰኞ ምሽት ጀምሮ ለኪው እስኪመጣ ማንም አይቀዳም። ሃፊዛ በማለዳ ከቤት ወጥታ ከመስቃን ገጠር ትጀምርና፣ የአያቷን ጉድጓድ በመጨረሻ፣ እኩለ ቀን ላይ ትለካለች።

ሸረፋ የሚባል ጎረቤት ነበራቸው፤ በአህያ ጋሪ ለግንበኞች ውሃ የሚያመላልስ። አንድ ቀን አጥሩን ተደግፎ፣

«እትዬ ሳሌሃ፣ ሰምተሻል? ውሃ የበዛበት ግቢ ለከተማው ሊወሰድ ነው አሉ» አላት።

«ማን አለ?»

«ሰው ነዋ። እኔ ከየት አመጣዋለሁ?»

ሳሌሃ ወደ አጥሩ ቀረበች። ግቢው ለሃፊዛ ብላ ያቆየችው ነው፤ ሌላ የምታወርሳት የላትም።

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ሲለካ ውሃው ዝቅ ብሎ ይገኝ። ረቡዕ ረቡዕ ልጅቷ ስትወጣ እኔ ስድስት በርሜል ብቀዳልሽ ምን አለበት? ለአንቺው ብዬ ነው እንጂ ውሃስ የትም አላጣም።»

አሥር ረቡዕ እንዲህ አለፈ። እኩለ ቀን ላይ ሃፊዛ ሜትሯን ወደ ጉድጓዱ እያወረደች፣ «እማዬ፣ አልቀዳሽም አይደል?» ትላለች።

«እኔ? ወላሂ፣ ጠብታም።»

እሷማ አልቀዳችም፤ የቀዳው ሸረፋ ነው። መሐላዋን በዚህ እያባበለች ለልጅቷ ምሳ ታቀርባለች።

በአሥራ አንደኛው ሳምንት የጉድጓድ ባለቤቶች ሁሉ ቀበሌ አዳራሽ ተጠሩ። የቡድኑ መሪ ኢንጂነር አምሀ ግድግዳው ላይ ካርታ ለጥፏል። ሳሌሃ አራተኛ ክፍል ደርሳ ነበርና ማንበብ አያቅታትም። በቀይ ከተከበበው ነጥብ ሥር የራሷን ስም አነበበች።

«ሠላሳ ዘጠኙ ጉድጓድ እርስ በርሱ ይስማማል» አለ አምሀ። «ይህ አንዱ ግን ሞዴሉን አላስኬድ አለ። ቁጥሩ እውነት ከሆነ እዚህ ቦታ ትልቅ ሞተር ውሃ እየሳበ ነው ማለት ነው። ሞተር ደግሞ የለም። ስለዚህ ለኪዋ ከጭንቅላቷ ጽፋለች። ነገ ደብተሯን ታስረክባለች።»

ሃፊዛ ከፊት ወንበር ተነሳች። «እኔ ሦስት ሦስት ጊዜ እየለካሁ ነው የጻፍኩት፣ ኢንጂነር።»

«የአያትሽ ቤት አይደል? ምሳሽን በልተሽ፣ ቁጥር ደርድረሽ ትወጫለሽ።»

ሰው ሳቀ። ሳሌሃ ሻርፗን ወደ ፊቷ ሳበች። ሸረፋን አየችው፤ ጥፍሩን ይመረምራል። ሌላ ሰው ተነስቶ ነገሩን ቢያበርደው ብላ ጠበቀች፤ ማንም አልተነሳም። ልጅቷ የምትይዘው ጠፍቷት ደብተሯን ታገላብጣለች።  ሳሌሃ እንደተቀመጠች ተናገረች።

«ልጄ አልዋሸችም። እሷ ከመድረሷ በፊት ውሃውን ያስቀዳሁት እኔ ነኝ።»

አምሀ ከካርታው ወደ እሷ ዞረ።

«ምን ያህል፣ እማማ?»

«ስድስት በርሜል።»

«በየረቡዑ?»

«በየረቡዑ።»

ሸረፋ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሁለቴ ሰባት ነበር» አለ።

አሁን ሳቁ ለሳሌሃ ሆነ። አምሀ ግን አልሳቀም። «ለምን ብለው ነው?»

«ግቢው እንዳይወሰድብን።»

«ግቢ የሚወስድ የለም። እኛ የምንወስደው ቁጥር ብቻ ነበር።» ወደ ሃፊዛ ዞረ። «አንቺን ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ሥራሽ ላይ ነሽ። የዚህ ጉድጓድ የአሥር ሳምንት ቁጥር ግን ወድቋል። ልኬቱ ዝናቡ ሳይገባ ማለቅ ነበረበት።»

መንገድ ላይ ሳሌሃ ከኋላ ከኋላ እየተከተለች፣ «እኔ'ኮ፣ ልጄ...» አለች።

«ለእኔ ብለሽ መሆኑን አውቃለሁ። እሱን አትንገሪኝ» አለች ሃፊዛ ሳትዞር። «ዐይን ዐይኔን እያየሽ ነው ወላሂ ያልሽኝ።»

 ሳሌሃ እስከ ቤት ድረስ ሰላም ላሏት ሁሉ ራሷን ብቻ እየነቀነቀች ሄደች።

በሚቀጥለው ረቡዕ በሩን ያንኳኳው ሀቢቡ የሚባል ሌላ ለኪ ነበር።

«አሰላሙ አለይኩም። የእርስዎን ጉድጓድ ከእንግዲህ እኔ ነኝ የምለካው። አልቀዱም?»

«አልቀዳሁም።»

«ሌላ ሰውስ?»

«ማንም።»

ሀቢቡ ሜትሩን እንደያዘ መሬት መሬት አየ። «አይቀየሙኝ፣ እማማ። ሃፊዛ ናት፣ መጀመሪያ ጎረቤት ጠይቅ ያለችኝ።»

«ጠይቅ፣ ልጄ» አለችው ሳሌሃ። «ወዲያ ማዶ ያሉትንም ጠይቅ።»

እሱ እስኪመለስ ድረስ የጉድጓዱ አጠገብ ቆማ ጠበቀች።