የጋሼ ዘገዬን ሥራ ማን ይፈትሻል

…እና አሁን ሁለት ብቻ ቀሩ፣ ከዚያ ሁሉ የኮድ ለውጥ ሁለት፣ አንዱ የጋሼ ዘገዬ፣ ቀጥሎ ያለው የባልደረባዋ የማራኪ፣ የማራኪ በሆነ ጌታ ሆይ፣ ኧረ ምን ዓይነት ጸሎት ነው፣ ማራኪ ምን አደረገቻት፣ መዓዛ በራሷ ታፍራለች፣ የክሊቭላንድ አቬኑ አውቶቡስ ባለፈ ቁጥር የኪችኑ መስኮት ይንቀጠቀጣል፣ ቢሮ ተዘግቶ ከቤት መሥራት ከጀመሩ ዓመት አለፈ፣ አለቃዋ ቴክስት ያደርጋል፣ ስህተቱን አገኘሽው? ቆይ እንጂ አንተ ሰውዬ። ልጇ ከወዲያ፣ ማሚ፣ አይም ሃንግሪ። መጣሁ የኔ እናት።

የሚሠሩት አፕ ቤት ለቤት ለሚያስታምሙ ሰዎች ነው፣ የማታውን ኪኒን ሁለቴ ስጡ ይላል፣ አንዷ አስታማሚ ጠርጥራ ባትደውል ኖሮ፣ ውይ፣ አያድርስ። የአፑ አራት የኮድ ማከማቻዎች ለየብቻ ሲፈተሹ ሁሉም ንጹሕ ናቸው፣ ስለዚህ የአራቱን ለውጦች በየቀናቸው አሰካክታ አንድ ሰልፍ አደረገቻቸው፣ ማሽኑ ሰልፉን ከመሃል እየከፈለ ይጠይቃታል፣ እዚህ ጋ ይሠራል ወይስ ተበላሽቷል፣ ያለችውን ያምናል፣ የጋሼ ላይ ይሠራል ብትለው ማራኪን ይይዛል፣ በቃ፣ ማን ያውቃል።

የጋሼን ትሞክራለች። ያው፣ ኪኒኑን ሁለቴ ስጡ ይላል።

ጋሼ ዘገዬ፣ ስድሳ የሞላቸው፣ ከቸርች አውቀዋት ሥራ ያስገቧት፣ ለኢንተርቪው በመኪናቸው ያደረሷት፣ አለቃው ደግሞ አንድ ስህተት ቢደግሙ ይሰናበታሉ ብሏል፣ በዚህ ዕድሜ ማን ይቀጥራቸዋል። ለውጣቸውን ሪቪው ያደረገችው፣ አይታ ማሳለፍ የነበረባት እሷ፣ ሪቪው ይባላል? ሳታነብ አፕሩቭ፣ ይለፍ፣ የጋሼን ሥራ ማን ይፈትሻል፣ ነውር አይደል፣ ይሄ ይሉኝታ ገደላት እኮ።

ትደውላለች። ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ፣ ደህና ነኝ ልጄ፣ ጋሼ ያ የኪኒን ሰዓት ለውጥ እኮ፣ አንቺ አይተሽው የለ እንዴ? ይላሉ፣ እኔማ ሳልሞክረው ነው የላክሁት፣ መዓዛ ታየዋለች ብዬ፣ መዓዛ ካየችው ምን ይቀራል ብዬ።

ማራኪ ላይ እንዳትጥለው ማራኪ አራስ ናት፣ ጋሼ ቢለምኗት እንኳ ይቀላት ነበር፣ አይለምኗትም። ተበላሽቷል፣ ብላ ትጽፋለች።

ማሽኑ የጋሼን ስም ያወጣል፣ ከሥሩ አፕሩቭ ያደረገችውን የእሷን።

በይ ለአለቃችን የእኔን ስም ብቻ ንገሪው፣ ይላሉ ጋሼ፣ አንቺ ልጅ ታሳድጊያለሽ፣ እኔ ሸምግያለሁ፣ ያንቺን ተይው፣ ሰማሽ?

አይሆንም በይ፣ አሁን እንኳ አይሆንም በይ አንቺ ሴት፣ አንድ ቀን እንኳ፣ ትላለች ለራሷ፣ አፏ ይከፈታል።

እሺ፣ ጋሼ።