ስልሳ ሁለቱ ነጥቦች

ስልኩን ሲያነሳ መጀመሪያ የሰማው የመጋዝ ጩኸት ነው፤ ቀጥሎ የሴት ልጅ ጩኸት።

«ሳላሀዲን! ፊልሳን ነኝ፣ የቢሌ ልጅ፣ ከመልካ ጀብዱ! ዛፎቻችንን እየጣሏቸው ነው! አንተ የቢሮ ሰው ነህ፣ ወላሂ ካንተ ሌላ የማውቀው የለኝም፣ ና አስቁማቸው!»

ከዚያ ዱላ ይሁን ድንጋይ አንድ ነገር አጥንት ላይ ሲያርፍ ተሰማ። አንድ ወንድ አጓራ፤ ስልኩም ተቋረጠ።

ሳላሀዲን ስልኩን ጆሮው ላይ እንደለጠፈ ቀረ። ማክሰኞ ነው፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገና አላለፈም፤ የቢሮው ማራገቢያ ግን ከወዲሁ ሙቅ አየር ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ይገፋል። ፊት ለፊቱ ስምረት ተቀምጣለች። አያቷ ባቡር ነጂ ነበሩ፤ እሷ ደግሞ ከሰማይ የሚወርድ ፎቶ ታነባለች። በየአምስት ቀኑ በድሬዳዋ አናት ላይ የምታልፍ ሳተላይት የላከችውን ምስል ትወስዳለች፣ እንደ ሳላሀዲን ያሉ ሰዎች መስክ ወርደው የለቀሙትን ነጥብ ትጨምርበታለች፣ ኮምፒዩተሩም ፕሮሶፒስ የሚባለው ወራሪ ዛፍ ዛሬ የት እንዳለና ከአምስት ዓመት በኋላ የት እንደሚደርስ ይተነብይላታል።

ፕሮሶፒስን ያላየ ሰው ዕድለኛ ነው። እሾኹ የመኪና ጎማ ይበሳል፣ የረገጠውን ግጦሽ መልሶ አይሰጥም፣ አንዴ ሲቆርጡት አራት ሆኖ ይነሳል። ሶማሌው «ገረንዋ» ብሎታል፣ ምንነቱን ያላወቅነው እንደማለት። መቼም የማይታወቅ እንግዳ ሲከፋ እንዲህ ነው። ታዲያ ኮሚቴ ተቀመጠና ወሰነ፦ በስምረት ካርታ ላይ ቀይ የተቀባ ቦታ ሁሉ ለከሰል አክሳዮች በፈቃድ ይሰጥ፣ ቆርጠው ያክስሉት፣ እኛም እንገላገል። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ብቻ ቀዩ ትክክል መሆን ነበረበት።

«ምን ሆነሃል? ፊትህ አመድ መስሏል» አለች ስምረት።

«መልካ ጀብዱ… የቢሌን ዛፎች እየቆረጧቸው ነው። ሰው ተመቷል።»

ስክሪኗ ላይ ቦታውን ፈልጋ አገኘችው። «ቀይ ነው። ዘጠና ሦስት በመቶ እርግጠኛ ነኝ። ከዚያች ቁራሽ መሬት ብቻ ስልሳ ሁለት ነጥብ አለኝ፤ ያመጣኸው እኮ አንተ ነህ። ከካርታው ሁሉ የምተማመንበት እሱ ነው።»

ሳላሀዲን ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

ነገሩ የተበላሸው የካቲት ላይ ነው። ድሬ ላይ ከሰባት ሰዓት በኋላ ሥራ የሚባል ነገር የለም፤ ፀሐይዋ አትፈቅድም፣ ጫቱም አይፈቅድም። ዕቅዱን ያወጡት ሰዎች ግን ለአንድ ሰው በቀን አርባ ነጥብ ብለው ጻፉ። አንድ ነጥብ ማለት አንድ ፕሮሶፒስ ድረስ በእግር ሄዶ፣ አጠገቡ ቆሞ፣ የጂፒኤሱን ቁልፍ መጫን ማለት ነው። ሳላሀዲን ሰነፍ አልነበረም፤ እስከ ስድስት ሰዓት እሾኹ ሱሪውን እየቀደደው ሃያ አምስት፣ አንዳንዴም ሠላሳ ይለቅማል። የቀረውን ግን በዚያ ፀሐይ ማን ይሂድበት?

በመጀመሪያው ቀን ከዚያ እሳት ውስጥ እጁን ይዞ ያወጣው ቢሌ ነው። ቢሌ ጢሙን ሂና የሚቀባ፣ ቀጭን፣ ሳቂታ ሽማግሌ ነው። ከአባቱ የወረሳቸው ሃያ ሰባት ግራሮች አሉት። በጋ ሲጠና፣ ሌላው ምድር አመድ ሲሆን፣ ፍየሎቹን በሕይወት የሚያቆያቸው የነዚያ ግራሮች ፍሬ ነው።

«ዋርያ! ሰው ሞት ጠፍቶ በፀሐይ ይሞታል እንዴ? ግባ ጥላ!» አለው።

ከትልቁ ግራር ሥር ምንጣፍ ተነጠፈለት። ፊልሳን የፍየል ወተት አመጣችለት። ጫቱን ፈታ፣ ትራሱን ደገፍ አለ፣ ምርቃናውም መጣ። ከዚያ ጂፒኤሱን ከኪሱ አውጥቶ እዚያው እንደተጋደመ ቁልፉን ተጫነ። ፕሮሶፒስ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ተጫነ። ፕሮሶፒስ። ማን ያያል? ተቆጣጣሪው ቁጥሩን እንጂ ቦታውን አያይም። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ፣ በሦስተኛውም፣ እስከ አምስተኛው ቀን።

አንድ ከሰዓት ቢሌ አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ «ምንድነው የሚሠራው ይሄ እቃ?» ሲል ጠየቀው።

«ዛፍ ይቆጥራል አዴር» አለ፣ አጎቴ እንደማለት። «መጥፎውን ዛፍ ከናንተ ለማራቅ ነው።»

«አላህ ያሳድግህ» ብሎ ሽማግሌው ወተት ደገመው።

ኮምፒዩተር ደግሞ ያሳዩትን የሚያምን የዋህ ተማሪ ነው። በደረቁ ወቅት አረንጓዴ ሆኖ የሚታየውን የቢሌን ግራር ስልሳ ሁለት ጊዜ «ይሄ ፕሮሶፒስ ነው» ብለው ሲያስተምሩት አመነ፤ ሃያ ሰባቱንም ቀይ ቀባቸው።

«ሞተርህን አስነሳ» አለች ስምረት ላፕቶፗን ቦርሳዋ ውስጥ እየከተተች። «አብሬህ እሄዳለሁ። ሰው ለፕሮሶፒስ ብሎ ሲፈናከት ማየት አለብኝ።»

የደቻቱን ወንዝ ስሻገር እነግራታለሁ አለ ሳላሀዲን በልቡ፤ ድልድዩን ተሻገረ፣ አልነገራትም። ኬላው ጋ ስደርስ አለ፤ ኬላውንም አለፈ። ሥራውን ያጣል፣ ያ ቀላል ነው። የሚያንገበግበው ግን ፊልሳን ናት። አድነኝ ብላ የጠራችው የዛፎቿን ገዳይ መሆኑን አታውቅም።

ሲደርሱ አሥራ አንድ ግራሮች ወድቀዋል። ነጩ ጉቶ ገና ውኃ ያወርዳል። የቢሌ የወንድም ልጅ መሬት ላይ ተቀምጦ በሽርጡ አናቱን ይዟል፤ ደሙ ሽርጡን አልፎ በአፍንጫው ላይ ይወርዳል። ከሱ ማዶ ደግሞ አንድ ቆራጭ ክንዱ በገጀራ ተከፍቶ ጓደኞቹ በገመድ ያስሩለታል። ሁለት ፖሊሶች በመሀል ቆመዋል። ትልቁ ግራር ግን ገና አለ። ቢሌ ጀርባውን ለግንዱ ሰጥቶ ቁጭ ብሏል፣ ፊልሳን ረጅም በትር ይዛ ከፊቱ ቆማለች።

ሳላሀዲንን ስታይ ፊቷ በራ። «መጣ! ይኸው መጣ፣ ንገራቸው!»

የፈቃዱ ባለቤት አብዱላሂ ይባላል፤ የመጋላ የከሰል ነጋዴ ነው፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ በላስቲክ የተለበጠ ካርታ ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ። የግራር ከሰል ከፕሮሶፒስ እንደሚበልጥ የድሬ ሕፃን ያውቃል፤ ግራር መቁረጥ ክልክል መሆኑንም ያውቃል። አብዱላሂ ዕድሉን ሲያገኝ ካርታው ተሳስቷል ብሎ ወደ ቢሮ የሚመለስ ሰው አልነበረም።

«ሳጅን፣ ይሄ እኮ ግራር ነው!» አለች ስምረት። ከሞተሩ ወርዳ ከወደቁት አንዱን በእጇ ዳሰሰችው።

«ዓይኔማ ግራር ያያል» አለ ሳጅኑ። «ወረቀቱ ፕሮሶፒስ ይላል። እኔ የምጠየቀው በወረቀቱ ነው። አንቺ ባለሙያዋ ነሽ አይደል? ስህተቱ ምን እንደሆነ አስረጂኝና ላስቁም።»

ስምረት ላፕቶፗን የሞተሩ ወንበር ላይ ዘርግታ ነጥቦቹን ከፈተች። አቀረበቻቸው፣ ደግማ አቀረበቻቸው። ስልሳ ሁለቱ ነጥቦች አንድ ምንጣፍ በምታክል ቦታ ላይ ተቆልለዋል። ቀና ብላ ትልቁን ግራር አየች፣ ከሥሩ የተነጠፈውን ምንጣፍ አየች፣ ከዚያ ሳላሀዲንን።

«እነዚህ ለምንድነው አንድ ቦታ የተከመሩት?»

ሁሉም ወደሱ ዞረ። ቢሌም ዞረ። አንድ ቃል ነበር የሚጠበቅበት፤ ዋሸሁ ቢል ሳጅኑ ያስቆም ነበር። ሳላሀዲን ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ፣

«ጂፒኤሱ ነው። ሙቀት ሲበዛበት ይዛባል» አለ።

አብዱላሂ አጨበጨበ። «በቃ፣ የእቃ ብልሽት ነው! ቢሮ ሄዳችሁ አጣሩ። እስክታጣሩ የኔ ፈቃድ ፈቃድ ነው። ምን ትጠብቃለህ አቦ፣ ቁረጥ!»

«ሳጅን!» ጮኸች ስምረት።

«ደብዳቤ አምጪ» አለ ሳጅኑና መሬት መሬቱን አየ።

መጋዙ ተነሳ። ሁለት ሰዎች ቢሌን በብብቱ ይዘው ሲጎትቱት ሽማግሌው ግንዱን አቀፈ፣ ጥፍሩ ከቅርፊቱ ጋር ተላቀቀ። አብዱላሂ ራሱ መጥቶ ያንን ሂና የተቀባ ጢም ጨብጦ ጎተተው። ፊልሳን በትሩን በአፉ ላይ አሳረፈችበት፤ ነጩ ሸሚዝ ደም ጠጣ፣ ጥርስም አብሮ ወረደ። ከዚያ በኋላ ማን ማንን እንደመታ የሚያውቅ የለም። ድንጋይ ተወረወረ፣ ገጀራ ተመዘዘ፣ አንዱ ፖሊስ ወደ ሰማይ ተኮሰ፣ ፍየሎቹ ተበታተኑ። ቆራጩ ግን ሥራውን አላቆመም፤ መጋዙ ግንዱን ከግማሽ በላይ በልቶታል። ፊልሳን ዘላ ማጅራቱን ስትመታው መጋዙ ከእጁ አመለጠ። እየጮኸ ከግንዱ ወጣ፣ አፈሩን አርሶ ሄደና መሬት የወደቀውን የቢሌን እግር ከጉልበቱ በታች አገኘው።

የቢሌን ጩኸት የሰማ ሁሉ ጆሮውን ያዘ። የመጋዙ ሞተር ጠፋ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ትልቁ ግራር ሲሰነጠቅ ተሰማ፣ አንዴ አቃሰተ፣ ከዚያ ወደ ማዶ ተኛ።

«እኔ ነኝ!» አለ ሳላሀዲን። እየጮኸ መሆኑን ራሱም አላወቀም። «እቃው ደህና ነበር! እዚህ ምንጣፍ ላይ ተጋድሜ፣ ጫቴን እየቃምኩ፣ ግራሩን ፕሮሶፒስ ብዬ የመዘገብኩት እኔ ነኝ!»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። ሳጅኑ ካርታውን ከአብዱላሂ ላይ ነጠቀ፣ ቆራጮቹ መሣሪያቸውን ጥለው ወደ አይሱዙው ሮጡ። ስምረት በነጠላዋ የቢሌን ጭን አጥብቃ ታስራለች፣ እጇ እስከ ክርኑ ቀልቷል። አናቱ የተፈነከተው የወንድም ልጅ ግን ሌላ ነገር አላየም። ገጀራውን አንስቶ ወደ ሳላሀዲን መጣ። ሳላሀዲን አልሸሸም፤ መምጣት ያለበት መጣ ብሎ ቆመ።

«ተወው!» አለ ቢሌ። ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። «ማርቲ ነው። እንግዳዬ ነው። ወተቴን ጠጥቷል። በጥላዬ ሥር የተቀመጠ ሰው አይነካም።»

ገጀራው አየር ላይ ቆመ። ይህ ሕግ በዚያ አገር ከፖሊስም ከወረቀትም ይበልጣል። ልጁ ጥርሱን እያፋጨ ወደ ኋላ ተመለሰ።

ፊልሳን ግን አልተመለሰችም። የወደቀውን ግራር አየች፣ በምንጣፉ ላይ ያረፈውን ራቁት ፀሐይ አየች።

«የቱ ጥላ ነው፣ አባ?» አለች።

ሳላሀዲን የትኛውን እጁን እንደምትፈልግ ገባው። ቁልፉን ሲጫን የነበረውን ቀኝ እጁን በጉቶው ላይ አኖረው። በትሩ ሲወርድ ዓይኑን አልጨፈነም፤ አጥንቶቹ ሲሰበሩ ሰማቸው። ደግማ መታችው። በሦስተኛው በትሩን ጥላ አባቷ ላይ ወድቃ አለቀሰች።

ቢሌ በሕይወት ተረፈ፣ እግሩ ግን ተቆረጠ። የአብዱላሂ ፈቃድ ተሰረዘ፤ ሳላሀዲንም የእምነት ቃሉን በግራ እጁ አጣሞ ፈርሞ ከሥራ ወጣ። በሦስተኛው ሳምንት ስምረት ደወለችለትና ቢሮ ጠራችው። እጁ በጄሶ ተጠቅልሎ ሄደ።

ወንበር ስባ ሰጠችው። ስልሳ ሁለቱን ነጥቦች ሰርዛ፣ ስሌቱን በየካቲቱ ምስል ላይ እንደ አዲስ አስኬዳዋለች። በቢሌ መሬት ላይ ቀይ የሚባል የለም፤ ሃያ ሰባት ግራሮች ብቻ።

«ጥፋቱ ተስተካከለ ማለት ነው?» አለ።

የዚያን ሳምንት ምስል ከፈተች፤ ትልቁን ግራር ጨምሮ አሥራ ሁለቱ የወደቁበት ቦታ ባዶ ሆኖ ይታያል። ፕሮሶፒስ የሚወደው እንዲህ ያለውን ነው፤ ጥላ የሌለው፣ የተረበሸ፣ ውኃ ቅርቡ የሆነ አፈር፣ ዘሩን በበጠጣቸው የሚያደርሱ ፍየሎችም የማያጡት። የአምስት ዓመቱን ትንበያ ተጫነች። ካርታው ትንሽ አሰበና ከትልቁ ግራር ጉቶ ጀምሮ ቀስ እያለ ቀላ፣ የቆሙትን አሥራ አምስቱንም ከበባቸው። ዘጠና አንድ በመቶ።

ሳላሀዲን በግራ እጁ የጉቶውን ቦታ ስክሪኑ ላይ ነካ።

«ይሄኛውስ ትክክል ነው?» አለ።

«ይሄኛው ትክክል ነው» አለች ስምረት።