ጋሪ ያለፈበት መቃብር

ከርት ሣጥኑን ከድንቹ ትሪ አጠገብ አስቀመጠው። ሌላ ባዶ ቦታ አልነበረም። የጎረቤት ሴቶች ያመጡት ምግብ ጠረጴዛውን ሞልቶታል፤ የአሳማ ጭን ጥብስ፣ በክሬም የተጋገረ ድንች፣ ጃም የተሞላ ክብ ዳቦ፣ ደግሞም ማንም የማይበላው ግን ከለቅሶ ቤት የማይቀረው ጄሎ የሚሉት የሚንቀጠቀጥ አረንጓዴ ጣፋጭ። በሣጥኑ ውስጥ ያለው የአባታቸው የዌንደል ስታውፈር አመድ ነው።

እህቱ አርዲስ አየችው። ሣጥኑን አንስታ ቴሌቪዥኑ ላይ ልታኖረው አሰበችና አሳፈራት። መጨረሻ ላይ አባቷ ሁልጊዜ በሚቀመጥበት ወንበር ላይ አኖረችው። ከዚያ በኋላ ለቅሶ የመጣ ሁሉ ያን ወንበር እየዞረ ያልፍ ጀመር።

"ሰው መቀመጫ አጣ እኮ" አላት ከርት።

"እሱ ተቀምጦበታል።"

ከርት ከኦማሃ ነው የመጣው፤ ኢንሹራንስ ይሸጣል፣ ጫማው አሁንም ያብረቀርቃል። አርዲስ ግን ከዚህ የነብራስካ እርሻ ወጥታ አታውቅም፤ አግብታም አታውቅም። ሁለቱ ወንድምና እህት የሚጣሉበት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም ወንበሩ ላይ ያለው ሣጥን የት ይቀበር የሚል ነው። ከርት በቅርብ ካለው ከተማ መቃብር ቦታ ገዝቶ ድንጋይ አዟል። አርዲስ ደግሞ አባቷ ሆስፒታል ተኝቶ ያላትን ታውቃለች። ያላትን መፈጸም ይቅርና ደግማ መናገሩ ራሱ ይከብዳት ነበር።

ሟቹ ሰማንያን ያለፈ ገበሬ ስለሆነ ለቅሶው ብዙ እንባ አልነበረውም። ሰዎቹ ቀጭኑን ቡና ይዘው ስለ ዝናብ ያወሩና ወዲያው ወደ ዌንደል መቃብሮች ወሬ ይገባሉ። ዌንደል በቆሎ ዘርቶ እንደጨረሰ አጨዳ እስኪደርስ ድረስ ሥራው የአያቶቹን መቃብር መፈለግ ነበር። ስታውፈሮች መሬት ባነሳቸው ቁጥር ወደ ፀሐይ መጥለቂያ እየገፉ ከፔንሲልቫኒያ ወደ ኦሃዮ፣ ከኦሃዮ ወደ አዮዋ፣ ከአዮዋ ወደዚህ የመጡ ናቸው። ዌንደል ያንኑ መንገድ ወደ ኋላ ይነዳዋል፤ ከኋላ ወንበር ሁለት ልጆቹን ጭኖ። የሌላው ልጅ በበጋ ሐይቅ ያያል፣ የስታውፈር ልጆች መቃብር ያያሉ። እናታቸው ጥቂት ዓመት ችላ ችላ፣ አንድ በጋ እንኳ ከሕያዋን ጋር ላሳልፍ ብላ ከአንድ የዘር ነጋዴ ጋር አሪዞና ገባች። አልተመለሰችም፣ እዚያው ሞታ እዚያው ተቀበረች። የእሷንም መቃብር ዌንደል ሄዶ አይቶታል።

ከርት ከመኪና መውረድ ይጠላ ነበር። አርዲስ ግን መስተዋት ያዥ ነበረች። ጽሑፉ ዝናብ የበላው ድንጋይ ሲገጥማቸው አባቷ በዱቄት ያሸዋል፣ እሷ ደግሞ በጎን ቆማ ፀሐይዋን በመስተዋት ወደ ድንጋዩ ትመልሳለች። ያኔ እያንዳንዱ ፊደል ጥላ ያወጣና የሞተው ሰው ስም ብቅ ይላል። አባቷ ባርኔጣውን አውልቆ ስሙን ጮክ ብሎ ይጠራዋል። "ድንጋይ የሌለው ሰው ሁለቴ የሞተ ነው" ይላት ነበር። አርዲስ በዓለም ላይ እንደዚያን ጊዜ ተፈልጋ አታውቅም።

አንዲት ሴት ብቻ አልተገኘችም፤ ሳሎሜ ስታውፈር፣ የዌንደል አያት የዮናስ እናት። ከአዮዋ ሲመጡ፣ ከሚዙሪ ወንዝ ወዲህ፣ ትኩሳት መንገድ ላይ ገደላት። ባሏ ኤልያስ እመንገዱ መሐል ቆፍሮ ቀበራት። አፈሩን መለሰ፣ በሬዎቹን ጠመደ፣ ከዚያም የተጫነውን ጋሪ በላይዋ ነዳ። አዙሮም ደገመው። ተኩላ እንዳያወጣት፣ መንገደኛም እንዳይነካት በዚያ ዘመን እንደዚያ ይደረግ ነበር። ትንሹ ዮናስ ጋሪው ላይ ነበር። ሸምግሎ ለልጅ ልጁ ለዌንደል ሲነግረው፣ "እናቴ ከታች እንዳለች አውቃለሁ፣ ጋሪው እስኪነጥር ጠበቅኩ፣ ምንም አልነጠረም" ይለው ነበር።

ዌንደል ለዚህ ነገር ኤልያስን ይቅር አላለውም። በግንቦት መጨረሻ፣ በሙታን መታሰቢያ ቀን፣ ለስታውፈሮች ሁሉ ፒዮኒ አበባ ሲያስቀምጥ ኤልያስን ይዘለዋል። በሬ ነጂ ይለዋል፤ ሚስቱን ረግጦ የሄደ በሬ ነጂ።

"በቅሎዋን ረሳችሁ?" አለች ቬርና ፖስፒሺል፣ ከአጥር ማዶ ያለችው አሮጊት ጎረቤት፤ ሰዉ ገና ሳትጀምር ሳቀ። ዌንደል አንድ ጊዜ ከአሮጌው ጋሪ መንገድ ዳር ብቻውን የቆመ ጥድ አግኝቶ ነበር። በዚህ አገር ደግሞ ዛፍ በሌለበት ሜዳ ብቻውን የቆመ ጥድ የመቃብር ምልክት ነው፤ የድሮ ሰዎች ለሙታኖቻቸው ይተክሉታል። ዌንደል ሳሎሜን አገኘኋት ብሎ ስሟን ያስቀረጸበት ድንጋይ አቆመ፣ ብዙ ግንቦት አበባ አመላለሰ፣ አለቀሰም። አንድ ዓመት የመሬቱ ባለቤት ቀረብ ብሎ፣ ይቅርታ ጌታዬ፣ እዚህ እኮ አያቴ የሚወዳትን በቅሎ ነው የቀበረው አለው።

አርዲስም ሳቀች። ያን ዕለት ግን አባቷ ያወለቀውን ባርኔጣ መልሶ ደፍቶ ቀጥታ ወደ ቤት መንዳቱን ታስታውሳለች።

ማታ ላይ ሰዉ ሲቀል ከርት ሳህን እያደረቀ የቀብሩን ነገር ጀመራት። አርዲስ ሁሉንም ነገረችው። አባቷ በሆስፒታሉ አልጋ ላይ ሆኖ፣ በእርሻችን ግጦሽ ላይ ካለው ጥድ ሥር ቅበሪኝ፣ ድንጋይ አታድርጊ፣ ከዚያ ፒክአፑን በላዬ ንጂው፣ ኤልያስ ያደረገውን አድርጊ ብሏታል። እሷ አልችልም አለችው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ የተነጋገሩት ስለ በቆሎ ዋጋ ብቻ ነው።

"ዕድሜ ልኩን መቃብር ሲፈልግ የኖረን ሰው አንቺ ልትደብቂው ነው?" አላት ከርት።

"እኔ መች ፈለግኩ? እሱ ነው ያለኝ።"

"በማደንዘዣ ላይ ሆኖ ነው ያለሽ። ማደንዘዣ ላይ ሆኖ ነርሷን በሬዎቹን አጠጪ ብሏታል። በሬ ጠምዶ ያውቃል እሱ?"

እውነቱን ነው። አርዲስ ሳህኑን ይዛ ቆማ ደረቷ ቀለል ሲላት ተሰማት። እርሻው ተሸጧል፤ ወሩ ሲያልቅ ቁልፉን ታስረክባለች። የገዛው ኩባንያ ግጦሹን ሁሉ ሊያርሰው ነው፣ ጥዱም ላይ ይነቀል የሚል ብርቱካንማ ሪባን ታስሮበታል። እሷ ከተማ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይታለች። ከከተማው መቃብር ቢተኛ በእግሯ ሄዳ ታየዋለች፣ ስሙን ታነባለች። ሌላ የምትጠይቀው ሰው በምድር ላይ የላትም።

"ይሁን፣ ከከተማው ይቀበር" አለችው። ከርት ግንባሯን ሳማት፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ አድርጎት አያውቅም።

በማግሥቱ የጸሎቱ ሥነ ሥርዓት ተፈጸመ፤ ሕዝቡም ለምሳ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ወረደ። ቬርና ከአርዲስ አጠገብ ተቀምጣ እጇን ያዘቻት። ነገ ከከተማው እንደሚቀበር ስትሰማ ግን እጇን ለቀቀችው።

"ለእኔ እንደዚያ አላለኝም" አለች።

"ምን አለዎት እትዬ ቬርና?"

"የመሬቱን ሽያጭ የፈረመ ዕለት አጥሩ ጋ ቆሞ አገኘሁት። 'ቬርና፣ ያን ኤልያስን ዕድሜዬን ሙሉ ስሰድበው ኖርኩ፤ ለካ ተመልሶ እንደማይመጣ ያውቅ ኖሯል' አለኝ። 'ጥለኸው የምትሄደውን ሰው ለባዳ አታሳይም' አለኝ።"

"ያኔ አሞት ነበር?"

"ምን አሞት! እስኪመሽ የእኔን አጥር ሲጠግን ነው የዋለው። አርዲስን ኤልያስ ያደረገውን አድርጊልኝ ብዬ እጠይቃታለሁ፣ እምቢ ካለችኝ ግን አልፈርድባትም ብሎኛል።"

አርዲስ ሹካዋን አስቀመጠች። ማደንዘዣ የለም፣ ቅዠት የለም። አባቷ በደህና አእምሮው ያሰበውን ነው የለመናት፤ እሷም በመጨረሻ ቀኖቹ ፊቱን ወደ ግድግዳ እንዲያዞር አድርጋዋለች። ምድር ቤቱ ውስጥ ሕፃናት በጠረጴዛዎቹ ሥር ይሯሯጣሉ። ለቅሶው ከተጀመረ የመጀመሪያውን እንባ ያን ጊዜ አነባች፤ ሴቶቹም ኬክ አመጡላት።

ቤት ሲደርሱ ቬርና ያለችውን፣ አባቷንም እንደለመናት እንደምትቀብረው ለከርት ነገረችው። ጮኸ ቢባል ውሸት ነው፤ ኮቱን ለበሰና ሻንጣውን መኪናው ውስጥ ከተተ። ከዚያ ተመልሶ በሩ ላይ ቆመ።

"ድንጋዩ ታዟል አርዲስ። ተቀርጾበታል። ይቆማል።"

"ይቁም።"

"ባዶ መሬት ላይ? አንድ ቀን አንዱ ዱቄትና መስተዋት ይዞ ይመጣል እኮ። አገኘሁት ብሎ ባርኔጣውን ያወልቃል።"

"እኛስ በቅሎዋን አግኝተን አልቅሰን አልነበር?"

ከርት ሊስቅ ነበር፤ አልሆነለትም። "እኔ አልኖርም። አላይም" አላት፣ ወንበሩ ላይ ያለውን ሣጥን በመዳፉ አንድ ጊዜ ነካ አደረገና ሄደ። የመኪናው አቧራ እስኪጠፋ ድረስ አርዲስ በሩ ላይ ቆየች። ከስታውፈሮች አንዱ ወደ ምሥራቅ ሲሄድ ማየቷ ነው፤ እሱም አይመለስም።

ሳትቀመጥ አካፋውንና ሣጥኑን ይዛ ወጣች፤ ከተቀመጠች እንደማትነሳ ታውቃለች። ግጦሹ ባዶ ነው፣ ላሞቹ ከሳምንት በፊት ተነድተው ሄደዋል። ከጥዱ ሥር ሣሩን ከነሥሩ እንደ ምንጣፍ ቆርጣ ጠቀለለችው። አያቶቿ በዚህ ዓይነት የተቆረጠ ሣር ነው የመጀመሪያ ቤታቸውን የሠሩት፤ መቁረጡን ያስተማራትም አባቷ ነው። ጉድጓዱን አጥልቃ ቆፈረች። አመዱን ስትገለብጠው ነፋሱ ጥቂቱን ወሰደው፣ የቀረው ወረደ። ነጭ መስሏት ነበር፣ ግራጫ ነው።

"ዌንደል ስታውፈር" አለች ጮክ ብላ፤ ባርኔጣ ስላልነበራት የራሷን ሻሽ አወለቀች። "ይቅር በለኝ አባዬ፣ ዘገየሁብህ።"

አፈሩን መልሳ የሣሩን ምንጣፍ ዘረጋችበት፣ በእግሯ ረገጠችው፣ የተረፈውን አፈር ራቅ አድርጋ በተነችው። ከዚያም ፒክአፑ ውስጥ ገብታ ሞተሩን አስነሳች። እጇ ማርሹ ላይ ብዙ ቆየ። ይህን ካደረገች በኋላ የምትሄድበት መቃብር፣ የምታነበው ስም፣ ይዛው የምትቆም መስተዋት አይኖራትም፤ ሊጠይቃት የሚመጣም የለም። ጥዱን ይነቅሉታል፣ በቆሎ ይዘሩበታል፣ እሷም በከተማው ክፍል ውስጥ ሞታ በእሷ የስታውፈሮች መንገድ ያልቃል።

ፍሬኑን ለቀቀች። በቀስታ ነዳች፣ ጎማው እስኪነጥር እየጠበቀች። አልነጠረም። ዞራ መጣችና ደገመችው። አሁንም አልነጠረም።

አቁማ በፒክአፑ መስተዋት ወደ ኋላ አየች። ጥዱ አለ፣ ሪባኑም አለ፤ ከሥሩ ያለው ሣር ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፣ የትኛው እንደሆነ ራሷም አልለየችውም። የምሽቱ ፀሐይ ሣሩን በጎን መታችው። እንደ ድሮው የድንጋይ ፊደል ጥላ ያወጣ እንደሆነ ብላ ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ እጇን ዘርግታ መስተዋቱን ወደ መኪናው ጣሪያ አዞረችው።