አሥራ አንድ ጅራት

አይጧ ከጨርቅ ከረጢቱ አምልጣ ልትወጣ ስትል ድመቱ ማጅራቷን በሁለት ጣቱ ያዝ አድርጎ አነሳት። ነጩ ሳህን ላይ አድርጎ ጸጉሯን በጥርስ ብሩሽ ከጅራቷ ወደ ራሷ ሲያበጥራት ሦስት ቁንጫና አንዲት መዥገር ጠብ ጠብ አሉ። ለቀም ለቀም አድርጎ አልኮል ያለበት ብልቃጥ ውስጥ ከተታቸው። ከዚያ ጅራቷን ማስመሪያው ላይ ዘርግቶ አነበበና መዝገቡ ላይ ጻፈ፤ መቶ አራት ሚሊ ሜትር።

«አለቀ እናቴ፣ ነገ ከዛፍሽ ሥር እመልስሻለሁ» አላት።

ድመቱ የሚለውን ስም ያወጣለት ሰፈሩ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አይጥ ሲያጠምድ የኖረን ሰው ሌላ ምን ይበሉት? ሥራው በምርምር ጣቢያ ነው። ከደን፣ ከእርሻና ከመንደር አይጥ እያጠመደ ያመጣል፤ ይመዝናል፣ ይለካል፣ ተባዩን ይለቅማል፣ ዓይነ ምድሯን በብልቃጥ ይይዛል፣ በማግስቱም ከተያዘችበት ቦታ ወስዶ ይለቃታል። የሦስቱም ቦታ አይጦች የአንድ አያት ልጆች ናቸው። ቦታው ግን በትውልድ ብዛት ለያይቷቸዋል። የደኗ ዛፍ ስለምትወጣ ጅራቷ ረጅም ነው። የእርሻዋ እህል እየበላች ትወፍራለች፣ ጅራቷ ያጥራል፣ ሆዷንም ትል ይሞላዋል።

በጣቢያው መዝገብ ላይ ላጲስ የሚባል ነገር አይነካም። የተሳሳተ ሰው የተሳሳተውን በአንድ መስመር ብቻ ይሰርዛል፣ የተሰረዘው እንዲነበብ ይተወዋል፣ ትክክለኛውን ከላዩ ጽፎ ይፈርማል። ድመቱ በጻፋቸው ገጾች ላይ በሃያ ሁለት ዓመት አንድም ስርዝ አልነበረም። ይህን ሲያወራ የሰማው ሁሉ ስለሰለቸው አሁን አሁን የሚያወራው ለአይጦቹ ነው።

«ጋሼ! ይምጡ፣ ይምጡና ይዩ!» ብላ ዶክተሯ ከጓዳው ክፍል ተጣራች።

ዶክተሯ ገና ሠላሳ አምስት አልሞላትም። ተማሪ ሆና ስትመጣ አይጥ አያያዝ ያስተማራት እሱ ነው። የመጀመሪያ ቀን ተነክሳ ስታለቅስ፣ ያስለቀሳት ንክሻው ሳይሆን አይጧ ማምለጧ መሆኑን ሲሰማ ያን ቀን ወደዳት። አሁን ከማይክሮስኮፑ ወንበር ተነስታ ቦታ ለቀቀችለት።

ድመቱ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ ጎንበስ አለ። ሎሚ የሚመስሉ፣ ጫፍና ጫፋቸው የተወተፈ ቡናማ እንቁላሎች ታዩት።

«ይሄ የእርሻ ትል ነው» አለ።

«ነው! ግን የተገኘው ደን ውስጥ ነው» አለች፤ ፊቷ ፈክቷል። «በዝናቡ ሳምንት ያመጧቸው አሥራ አንዱ የደን አይጦች የሉም? አሥራ አንዱም አለባቸው። ትሉ እርሻውንና ደኑን የሚለየውን የድንጋይ ካብ ተሻግሮ ደን ገብቷል ማለት ነው፤ በአንድ ዓመት ውስጥ! ይህን እስካሁን ማንም አላየም፣ ጋሼ።»

ድመቱ ቀና ለማለት አልቸኮለም።

«ጽሑፉን ዛሬ ከሰዓት እልከዋለሁ» ቀጠለች። «የእርስዎም ስም አለበት። ታች ምስጋናው ውስጥ እንዳይመስልዎ፤ ላይ፣ ከእኔ ስም ቀጥሎ።»

«የእኔ ስም?»

«የእርስዎ እንጂ! ያለ እርስዎ የትኛው አይጥ ይገኛል?» ካለች በኋላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አንድ ነገር ብቻ አለች። የአሥራ አንዱ ጅራት አጥሮ ነው የተጻፈው። የደን አይጥ ጅራት ከመቶ ያልፋል፤ እነዚህ ሰማንያ እንኳን አይሞሉም። ዝናብ ነበር፣ እጅዎ በርዶት ይሆናል። ይሰርዙልኝና ይፈርሙበት፤ እንዳልተለኩ እንቆጥራቸዋለን።»

«እጄ አልበረደውም።»

«ሰው ነን እኮ ጋሼ፣ ማንም ይሳሳታል።»

ድመቱ «ከምሳ በኋላ እፈርማለሁ» ብሎ ጋዋኑን አወለቀ።

ጅራቶቹን በትክክል ነበር የለካው። የዋሸው ሌላው ላይ ነው። በደንቡ መሠረት የደን ወጥመድ የሚቀመጠው የድንጋይ ካቡ ታልፎ፣ ሦስት መቶ እርምጃ ሽቅብ ተወጥቶ ነው። በዚያ ሳምንት ጉልበቱ አብጦ ነበር፤ ዳገቱም ጭቃ በጭቃ ሆኗል። በመጀመሪያው ቀን እንደምንም እስከ ካቡ ደረሰና ቆመ። «አይጥ አይጥ ነው» አለና አርባውንም ወጥመድ ከካቡ ሥር፣ በእርሻው በኩል ደረደረ። ለዛሬ ብቻ ብሎ የጀመረው ነገር ሳምንቱን ፈጀ። መዝገቡ ላይ ግን አሥራ አንድ ጊዜ «ደን» ብሎ ጻፈ።

ቤት ሲደርስ ባለቤቱ ስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ከትርፍራፊ ጨርቅ የአይጥ ከረጢት እየሰፋች ነበር። የጣቢያውን ከረጢት የምትሰፋው እሷ ናት፤ በዚህም ሰፈሩ «የድመቱ ሚስት ለአይጥ ልብስ ትሰፋለች» እያለ ይስቃል።

«ምነው ፊትህ? አይጥ ሰደበህ እንዴ?» አለችው።

ሾርባና ዳቦ አቀረበችለት። ማንኪያውን ሾርባው ውስጥ እያዞረ ሁሉንም ነገራት። ሳታቋርጠው ሰማችው።

«ያን ሳምንት ጫማህ እንደ ወትሮው ጭቃ ሳይለብስ ስትመጣ ገርሞኝ ነበር እኮ» አለች።

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ጉልበትህን አየሁና አንጀቴ አልቻለም።»

ድመቱ ዳቦውን ቆርሶ መልሶ አስቀመጠው። «ጡረታ ልወጣ ስምንት ወር ነው የቀረኝ። ሰው ሁሉ ድመቱ ይለኛል፤ እሷ ግን በስሜ ልትጽፈኝ ነው። እንደዚያ ተጽፎ ባየው ደስ ይለኛል፣ አልዋሽሽም። ጅራቶቹን ብሰርዛቸው ማን ያውቃል?»

«ማንም አያውቅም» አለችና ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው። ቦታውን የዋሸኸው አንተ፣ የሚሰረዘው ጅራት!»

ሳያስበው ሳቀ። ሳቁ ግን ብዙም አልቆየም።

«ጽሑፉ ሲወጣ ደግሞ ወዲያው ሌሎች ተመራማሪዎች ይመጣሉ» አለ። «ትሉን ፍለጋ ያንን ዳገት ይወጣሉ፤ ዓመት ሁለት ዓመት ይለፋሉ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ። እሷም እነሱን ተከትላ ትወጣለች፣ አውቃታለሁ። ስታጣው ደግሞ ራሷን ነው የምትጠረጥረው።»

ባለቤቱ ምን አድርግ አላለችውም። «ሾርባው ቀዘቀዘ፣ ብላ» ብላ ወደ መኪናዋ ተመለሰች። ሲወጣ አዲሶቹን ከረጢቶች አጣጥፋ በእጁ ሰጠችው።

ጣቢያው ሲደርስ ዶክተሯ መዝገቡን በዝናቡ ሳምንት ገጽ ላይ ከፍታ፣ እስክሪብቶውን አጠገቡ አድርጋ ጠበቀችው። ኮምፒውተሩ ላይ ጽሑፏ ተከፍቷል። ከርዕሱ ሥር የእሷ ስም፣ ቀጥሎም የእሱ ስም እስከ አባቱ ተጽፏል። ድመቱ ቆም ብሎ አነበበው። ፊደሉ ሁሉ ልክ ነበር፤ ብዙ ሰው የሚስተው የአባቱ ስም እንኳን ልክ ነበር። ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ አፈረም።

«አማረ?» አለችው።

«አምሯል ልጄ።»

ተቀመጠ። መነጽሩን አወረደና ማስመሪያውን ከመጀመሪያው ረድፍ ሥር አስተካክሎ አስቀመጠ። ሰባ ሰባት የሚለውን የጅራቱን ቁጥር አለፈው። «ደን» በሚለው ቃል መሃል አንድ ቀጭን መስመር ሳበ። ከላዩ «ከካቡ ሥር፣ በእርሻው በኩል» ብሎ ጻፈና ፈረመ።

«ጋሼ፣ ተሳሳቱ። የጅራቱ ዓምድ ቀጥሎ ያለው ነው።»

«አልተሳሳትኩም። ጅራቱ ልክ ነው፣ ዶክተር። ሽቅብ አልወጣሁም ነበር። ጉልበቴ አልወጣ ሲለኝ ከካቡ ሥር አጠመድኩና ደን ብዬ ጻፍኩልሽ።» እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀና ብሎ አያት። «ዋሸሁሽ። ይቅር በይኝ።»

የደስታ ደሟ ከፊቷ ላይ ቀስ እያለ ሲወርድ አየና ዓይኑን ወደ መዝገቡ መለሰ። ከሚቀጥለው ክፍል አይጧ ከረጢቷን ስትቧጥጥ ይሰማል። ሁለተኛውን ሰርዞ ፈረመ። ሦስተኛው ላይ ማስመሪያው ቢንሸራተትበትም ሰርዞ ፈረመ።

ወንበር ሲሳብ ሰማ። ዶክተሯ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ተንሸራቶ የነበረውን ማስመሪያ በሁለት ጣቷ አቅንታ ያዘችለት።

«ስንት ቀረ?» አለች፤ ድምጿ ሻክሯል።

«ስምንት» አላትና ወደ አራተኛው ረድፍ ወረደ።